ከ20 በላይ ያሉ ቁጥሮችን መደመርና መቀነስ ለልጆች ለማስተማር የትኛው ዘዴ ይሻላል?

ልጆች እስከ 10 ያለውን ድምር በጣታቸው ቆጥረው ይመልሳሉ፤ እስከ 20 ያለውንም ትንሽ ጊዜ ወስደው ይደርሱበታል። ፈተናው የሚጀምረው 46 ሲደመር 38 ወይም 73 ሲቀነስ 28 የሚሉ ጥያቄዎች ደብተር ላይ ሲመጡ ነው። ጣት አይበቃም፤ ወላጅ ምክር ይጠይቃል፤ የሚያገኘው ምክር ግን የተለያየ ነው። ትምህርት ቤቱ ቁጥሮችን ወደ ታች ደርድሮ ማስላትን ያስተምራል፤ ጎረቤት ልጇን አባከስ (በዘንግ ላይ በተደረደሩ ዶቃዎች የማስላት ሥልጠና) አስመዝግባለች፤ ታላቅ ወንድም ስልክ ላይ የሒሳብ ጨዋታ ይጭናል፤ አያት ደግሞ ባቄላ አምጥተው ያስቆጥራሉ። ሁሉም የሚመክሩት ለልጁ በማሰብ ነው፤ ሆኖም ልጁ በአንድ ሳምንት ውስጥ አራት ዓይነት መንገድ ተነግሮት አንዱንም ሳይዝ ይቀራል።

በአንደኛና በሁለተኛ ክፍል ሒሳብ ሳስተምር እነዚህን ዘዴዎች በተማሪዎቼ እጅ ላይ አይቻቸዋለሁ። ሁሉም የራሳቸው ጥቅም አላቸው፤ የሚለያዩት ለየትኛው ልጅ፣ በየትኛው ጊዜና ለምን ዓይነት ስሌት እንደሚሆኑ ነው። ስለዚህ ከዘዴዎቹ በፊት የምንመዝንባቸውን ነጥቦች ማስቀመጥ ይገባል።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያውና ከሁሉም የሚከብደው መመዘኛ፣ ዘዴው አስር ነጠላዎች አንድ አስር እንደሚሆኑ ለልጁ በግልጽ ያሳያል ወይ የሚለው ነው። 46 ማለት አርባ ስድስት ጊዜ የተቆጠረ ነገር ብቻ ሳይሆን አራት አስርና ስድስት ነጠላ መሆኑን ያልተረዳ ልጅ፣ ምንም ዓይነት አሠራር ቢሸመድድ ቁጥሩ ሲያድግ መንገዱ ይጠፋበታል።

ሁለተኛው መመዘኛ መቀነስ ነው። ብዙ ዘዴዎች ለመደመር ያማሩ ሆነው ለመቀነስ ይደክማሉ። በተለይ ከላይ ያለው ነጠላ ከታች ካለው ሲያንስ፣ ይባስ ብሎም እንደ 304 − 178 መሐል ላይ ዜሮ ሲኖር፣ የዘዴው ጥንካሬ ይለያል። እኔ አንድን ዘዴ ስመርጥ በቅድሚያ የምሞክረው በዚህ ስሌት ነው።

ከዚያ ቀጥሎ ልጁ ሲሳሳት ስህተቱን ራሱ ማየት ይችል እንደሆነ፣ የተማረው ነገር ወደ ወረቀትና ወደ ትልልቅ ቁጥሮች ይዞት ይሻገር እንደሆነ፣ በመጨረሻም ዘዴው የሚጠይቀው ገንዘብ፣ የዝግጅት ጊዜና የልጆቹ ብዛት ይታያሉ። ቤት ውስጥ ለአንድ ልጅ የሚሆነው፣ ስድሳ ተማሪ ላለበት ክፍል ላይሆን ይችላል።

ከየትኛውም ዘዴ በፊት መሟላት ያለበት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የአስር ጥንዶች ነው። 7 እና 3፣ 6 እና 4፣ 8 እና 2 አስር እንደሚሆኑ ልጁ ሳይቆጥር መመለስ አለበት። ይህ ካልተያዘ ሁለት ሳምንት በዚያ ላይ ማሳለፍ፣ ቸኩሎ ወደ ትልቁ ቁጥር ከመግባት ይልቅ ጊዜ ይቆጥባል።

አንድ በአንድ መቁጠር፦ ጣት፣ ጠጠር፣ ቆርኪ

ለጀማሪ ልጅ ይህ መነሻ ነው፤ ሊናቅም አይገባም። ወጪ የለውም፣ ዝግጅት አይፈልግም፣ ልጁም ያምነዋል። ከ20 በኋላ ግን ሁለት ነገር ይከሰታል። ቁጥሩ ሲበዛ ልጁ መሐል ላይ ይስታል፤ በተጨማሪም መነሻውን ቁጥር እንደ መጀመሪያ እርምጃ ይቆጥረዋል። 46 ሲደመር 3 ሲባል «አርባ ስድስት፣ አርባ ሰባት፣ አርባ ስምንት» ብሎ 48 የሚል ልጅ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ቆጠራው ከየት እንደሚጀምር ስላልተነገረው ነው። ከሁሉም በላይ፣ ተበታትነው የተቀመጡ 84 ቆርኪዎች ውስጥ አስር የሚባል ነገር አይታይም። ይህ ዘዴ እስከ 20 ያገልግል፤ ከዚያ በኋላ ያንኑ ቆርኪና ጠጠር አስር አስር አድርጎ መደርደር ይጀመር።

በእስር መቁጠር

ገበያ ላይ ጎመን በእስር ይሸጣል፤ ልጆች ቃሉን ያውቁታል። አስር እንጨቶችን በላስቲክ አስሮ «ይህ አንድ እስር ነው፤ በውስጡ አስር አለ» ማለት፣ አማርኛ የሰጠን ያልተጠቀምንበት ዕድል ነው፤ «እስር» እና «አስር» ለጆሮ የሚለያዩት በአንድ ድምፅ ብቻ ስለሆነ ልጆቹ በአንድ ቀን ይይዙታል። እንጨቱ ጫፉ የተቆረጠ የክብሪት እንጨት፣ ስንደዶ፣ በአጭር በአጭሩ የተቆረጠ የበቆሎ አገዳ ወይም የመጠጥ ስትሮው ሊሆን ይችላል። አስር እስሮች በአንድ ላይ ሲታሰሩ መቶ ይሆናሉ፤ መቶ እንጨት በእጁ ጨብጦ ያየ ልጅ በመቶና በአስር መካከል ያለውን ልዩነት አይረሳም።

46 + 38 በዚህ ዘዴ እንዲህ ይሠራል። ልጁ በአንድ በኩል አራት እስርና ስድስት ነጠላ፣ በሌላ በኩል ሦስት እስርና ስምንት ነጠላ ያስቀምጣል። ነጠላዎቹን ሲያቀላቅል 14 ያገኛል፤ ከእነርሱ አስሩን ራሱ በላስቲክ ያስራል፤ አራት ይቀሩታል። እስሮቹ አራትና ሦስት ሰባት፣ አዲሱ ሲጨመር ስምንት ይሆናሉ፤ መልሱ 84 ነው። ወደ ታች ሲደመር «አንድ ይዤ» የሚባለው አንድ ምን እንደሆነ ልጁ በገዛ እጁ አስሮታል።

የዚህ ዘዴ ትልቁ ብልጫ የሚታየው ግን በመቀነስ ላይ ነው። አንዲት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ 52 − 27 ን ሠርታ 35 ጽፋ አመጣችልኝ። እንዴት እንደሠራችው ስጠይቃት «ከ2 ላይ 7 አይነሳም፤ ስለዚህ ከ7 ላይ 2 አነሳሁ» አለችኝ። ይህ በዓለም ዙሪያ በዚህ ዕድሜ ላይ ባሉ ልጆች ዘንድ እጅግ የተለመደ ስህተት ነው፤ ትንሹን ከትልቁ መቀነስ ብቻ ስለተማሩ፣ የትኛው ከላይ የትኛው ከታች እንደሆነ ሳያዩ ያንኑ ይደግሙታል። እርማት ሳልጽፍ አምስት እስርና ሁለት ነጠላ ሰጠኋትና «እስቲ 27 ስጪኝ» አልኳት። ሁለት እስር ሰጠችኝ። ሁለቱን ነጠላ ሰጠችኝ። ከዚያ እጇን ዘርግታ ቆመች፤ የቀሩትን ሦስት እስሮች አየች፤ እኔን አየች። ጥቂት ቆይታ «ቲቸር፣ ልፍታው?» አለችኝ። አንዱን እስር ፈትታ አምስት አወጣችልኝ፤ ሁለት እስርና አምስት ነጠላ ቀራት። ደብተሯን ወስዳ 35 የሚለውን ራሷ ሰርዛ 25 ጻፈች። ብድር የሚል ቃል አንዴም አላነሳንም።

304 − 178 ሲመጣም ይኸው መንገድ ይሠራል። ሦስት የመቶ እስርና አራት ነጠላ አለ፤ ልቅ የሆነ የአስር እስር ግን የለም። ልጁ መጀመሪያ አንዱን መቶ ፈትቶ አስር እስሮች ያወጣል፤ ከእነርሱ አንዱን ፈትቶ አስር ነጠላ ያገኛል። አሁን በፊቱ ሁለት መቶ፣ ዘጠኝ አስርና 14 ነጠላ አለ፤ ከዚህ ላይ 178 ሲነሳ 126 ይቀራል። ዜሮው ወደ ዘጠኝ የሚለወጥበት ምክንያት በሰሌዳ ላይ ለብዙዎች ምሥጢር ነው፤ በእስር ግን ዘጠኙ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ይታያል።

ለዚሁ ዓላማ በፋብሪካ የተሠሩ መሣሪያዎች አሉ። ማሪያ ሞንቴሶሪ ያስፋፋቻቸው የወርቅ ቀለም ዶቃዎችና ዞልታን ዲየንስ የሚታወቅባቸው የአስርዮሽ ብሎኮች (ነጠላ ኩቦችና አስር ኩብ የተጣበቀባቸው ዘንጎች) የታወቁት ናቸው። ለረጅም ጊዜ ያገለግላሉ፤ ለመደርደርም ንጹሕ ናቸው። ይሁንና የተጣበቀ አስር አይፈታም፤ ልጁ አንዱን ዘንግ መልሶ አስር ነጠላ ኩቦች በልዋጭ መውሰድ አለበት። ልዋጭ አንድ እርምጃ የራቀ ሐሳብ ስለሆነ፣ ለመጀመሪያ ትምህርት ላስቲኩ የሚፈታው እስር ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ዋጋው አነስተኛ መሆኑም ተጨማሪ ነው። የዘዴው ድካም ደግሞ ቁጥሩ ከጥቂት መቶዎች ሲያልፍ እንጨቱ መብዛቱ፣ በብዙ ተማሪ ክፍል ውስጥም አሰራጭቶ መሰብሰቡ ጊዜ መውሰዱ ነው።

ብር፦ መጠቅለልና መዘርዘር

የ1 ብር ሳንቲም፣ የ10 ብር ኖትና የ100 ብር ኖት የአንድ ቤት፣ የአስር ቤትና የመቶ ቤት ተምሳሌቶች ናቸው። ከወረቀት ተቆርጦ የሚሠራ የጨዋታ ብር ይበቃል። መጀመሪያ ላይ 5፣ 50 እና በ2013 ዓ.ም. የተጨመረው 200 ብር ከጨዋታው ይውጡ፤ እነርሱ የአስርን ሥርዓት ስለሚያቋርጡ ልጁን ያደናግሩታል።

እዚህ ላይ ስለ ቃል አንድ ነገር መናገር እፈልጋለሁ። በየክፍሉ «ከጎረቤት አንድ እንበደራለን» እያልን ለረጅም ጊዜ አስተምረናል። ልጅ ግን ብድር ምን እንደሆነ ያውቃል፤ የተበደሩት ይመለሳል። በስሌቱ ውስጥ የሚመለስ ነገር የለም፤ የተበደርነውም አንድ ሆኖ ሳለ የሚደርሰን አስር ነው። «መቼ ነው የምንመልሰው?» ብሎ የጠየቀኝ ልጅ ትክክል ነበር። በአማርኛ ግን የነገሩን እውነት የሚናገር ሌላ ቃል በየሱቁ አለ፤ «ይህን መቶ ብር ዘርዝርልኝ» እንላለን። መቶ ብር ሲዘረዘር ዋጋው አይቀንስም፣ አይጨምርም፤ መልኩ ብቻ ይለወጣል። በስሌቱ የሚሆነውም ልክ ይህ ነው። 52 ብር ይዤ 27 ብር ለመክፈል ከአምስቱ አስር ብሮች አንዱን ዘርዝሬ አራት አስርና 12 ነጠላ አደርገዋለሁ። ሲደመር ደግሞ አስር ነጠላ ሲሞላ ጠቅልለን አንድ አስር ብር እናደርገዋለን። መበደርን በመዘርዘር መተካት ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ቤት ውስጥ ዛሬ ማታ መጀመር ይቻላል።

የብር ዘዴ ከእስር በኋላ እንጂ ከእስር በፊት አይምጣ። አስር ብር ከአንድ ብር አስር እጥፍ እንደሚበልጥ ከኖቱ መልክ አይታይም፤ ልጁ የሚያውቀው ስለተነገረው ነው። ይህ ደካማ ጎኑ ቢሆንም ወደ ጽሑፍ ለመሻገር መልካም ድልድይ ይሆናል፤ በወረቀት ላይም 5 የሚለው ምልክት 50 የሚሆነው በተቀመጠበት ቤት ብቻ ነውና።

ባዶ የቁጥር መስመር

ይህ ዘዴ በኔዘርላንድስ ትምህርት ቤቶች በሰፊው የዳበረ ሲሆን፣ ቁጥር ያልተጻፈበት መስመር ከማስመር ያለፈ መሣሪያ አይፈልግም። 82 − 47 ሲባል ልጁ ከመስመሩ ግራ 47 ይጽፋል፤ ሦስት ዘልሎ 50 ይደርሳል፤ ሠላሳ ዘልሎ 80፣ ሁለት ዘልሎ 82። የዘለላቸው 3፣ 30 እና 2 ሲደመሩ 35 ይሆናሉ።

ባለ ሱቅ መልስ የሚሰጠውም በዚሁ መንገድ ነው። የ63 ብር ዕቃ ገዝተን መቶ ብር ስንሰጠው «ስድሳ ሦስት» ብሎ ይጀምርና ሰባት ብር ጨምሮ «ሰባ» ይላል፤ ሠላሳ ጨምሮ «መቶ» ይላል፤ በእጃችን 37 ብር አለ። ልጅን ወደ ሱቅ ይዞ ሄዶ ይህን ማሳየት ከብዙ ሰዓት ገለጻ ይሻላል።

ይህ መንገድ በመቀነስ ረገድ ብርቱ ነው፤ በተለይ ሁለቱ ቁጥሮች ሲቀራረቡ። 402 − 398 ን ወደ ታች ደርድሮ መቶ መዘርዘር፣ አስር መዘርዘር አድካሚ ነው፤ በመስመር ላይ ግን ከ398 እስከ 402 አራት እርምጃ ነው። የሚያዳግተው ልጁ አስር አስር እያለ መዝለልን ካልለመደ ነው፤ አንድ በአንድ ከዘለለ መስመሩ የጣት ቆጠራ ይሆናል። ቁጥሮቹ ባለ አራት አሃዝ ሲሆኑም ዝላዮቹ ይበዛሉ።

በትኖ በቃል መሥራት

46 + 38 ን አርባና ሠላሳ ሰባ፣ ስድስትና ስምንት አሥራ አራት፣ በጠቅላላው ሰማንያ አራት ብሎ መሥራት ለአማርኛ ተናጋሪ ልጅ እንደ ንግግር ይመጣለታል፤ ቁጥሩን የምንጠራው በዚያው ቅደም ተከተል ነውና። ለመደመር ከሁሉም ይልቅ የምወደው ይህንን ነው። በመቀነስ ላይ ግን ወጥመድ አለበት፦ 73 − 28 ን ሁለቱንም በትኖ የሚሠራ ልጅ ሰባ ሲቀነስ ሃያ ሃምሳ ካለ በኋላ 3 እና 8 ላይ ሲደርስ 5 ይልና 55 ይጽፋል። ስለዚህ ሲቀነስ መጀመሪያ ያለው ቁጥር ሳይበተን ሁለተኛው ብቻ ይበተን፤ ከ73 ላይ 20 ሲነሳ 53፣ ሦስት ሲነሳ 50፣ የቀረው አምስት ሲነሳ 45።

ወደ ታች ደርድሮ ማስላት

ማንኛውም ልጅ በመጨረሻ ሊደርስበት የሚገባው መንገድ ይህ ነው፤ ለባለ ሁለትም ሆነ ለባለ ስምንት አሃዝ ቁጥር እኩል ይሠራል፣ ወረቀትና እርሳስ ብቻ ይበቃዋል። ጉልበቱ ከቤቶች ሥርዓትና ከዜሮ የሚመጣ ነው። የግዕዝ አኃዝ ለ10፣ ለ20፣ ለ30 የየራሱ ምልክት ስላለውና ዜሮ ስለሌለው በዚህ መንገድ ለማስላት አይመችም፤ ፵፯ እና ፴፭ ን ደርድሮ መደመር አይቻልም። የግዕዙ አኃዝ ግን አንድ ነገር ያስተምረናል። ሦስት መቶ አራት በግዕዝ ፫፻፬ ተብሎ እንደሚነገረው ይጻፋል፤ ልጆችም በተለመደው አኃዝ ሲጽፉት እንደሰሙት 3004 ይጽፉታል። ሦስት መቶን ጽፈው አጠገቡ አራትን ማስቀመጣቸው ነው። መድኃኒቱ ከካርቶን 300 እና 4 ን ለየብቻ ጽፎ ቆርጦ፣ ትንሹን በትልቁ የቀኝ ጫፍ ላይ መደረብ ነው፤ ዜሮዋ ከሥር እንዳለች ልጁ ገልጦ ያያታል።

ዘዴው ቶሎ ሲጀመር የሚያስከትለው ጉዳት፣ ልጁ ቁጥሩን ትቶ አሃዞችን ብቻ እንዲያይ ማድረጉ ነው። 58 + 67 ን ሠርቶ 1115 የሚጽፍ ልጅ አምስትና ስድስት 11፣ ስምንትና ሰባት 15 ብሎ በትክክል ደምሯል፤ የጎደለው ስድሳ የማይሞሉ እቃዎችና ሰባ የማይሞሉ እቃዎች ከሺ ሊያልፉ እንደማይችሉ መገመት ነው። 125 + 48 ን በግራ በኩል አሰልፎ 605 የሚያወጣም እንዲሁ። ለአሰላለፉ ባለ ካሬ ደብተር ይረዳል፤ ለግምቱ ደግሞ ከስሌቱ በፊት «ወደ ስንት ይጠጋል?» ብሎ መጠየቅን የመሰለ የለም።

በመቀነስ ላይ የደረደሩት ሁሉ አንድ ዓይነት አይሠሩም። በእኛ ትምህርት ቤቶችና በአሜሪካ የሚለመደው ከላይ ያለውን አስር መዘርዘር ነው። ሌላው መንገድ ለሁለቱም ቁጥሮች አስር መጨመር ነው፤ 52 − 27 ላይ ከላይ ሁለቱ 12 ይሆናል፣ ከታች ሁለቱ አስር ሦስት አስር ይሆናል፣ መልሱ ያው 25 ነው። ይህ ዜሮ ሲበዛ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ለምን እንደሚሠራ ለሰባት ዓመት ልጅ ማስረዳት ይከብዳል። ሦስተኛው ከታች ተነስቶ እየሞሉ ወደ ላይ መድረስ ሲሆን በጀርመን ትምህርት ቤቶች የኖረ ነው። ብራውኔልና ሞዘር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተሙት የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች ጥናት፣ መዘርዘርን ከነምክንያቱ የተማሩ ልጆች በሽምደዳ ከተማሩት የተሻለ እንደተረዱ አሳይተዋል። የእኔም ምርጫ መዘርዘር ነው፤ በእስርና በብር የሠራው ልጅ ወረቀት ላይ የሚያገኘው ያንኑ ነውና።

አባከስ

በዚህ ስም ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ይሸጣሉ። አንደኛው በየዘንጉ አስር ዶቃ ያለው ሰሌዳ ነው፤ ይህ እስከ 100 ለመቁጠርና የአስር ጥንዶችን ለማለማመድ መልካም ሲሆን ዋጋውም ብዙ አይደለም። ሁለተኛው በየዘንጉ ከላይ አንድ፣ ከታች አራት ዶቃ ያለው የጃፓን ሶሮባን ነው፤ የማሠልጠኛ ክፍሎች የሚጠቀሙት በአብዛኛው ይህንን ነው። በሶሮባን ለብዙ ወራት የሠለጠነ ልጅ የሚያስደንቅ ፍጥነት ያገኛል። ሆኖም የክፍያና የጊዜ ግዴታ አለው፤ ልጁ የጣት እንቅስቃሴውን ሸምድዶ በደብተሩ ላይ 304 − 178 ሲገጥመው ግራ የሚጋባበት ጊዜም አለ። አሠልጣኙን ለመምረጥ አንድ ጥያቄ በቂ ነው፤ ልጁ ዶቃዎቹን ሲያንቀሳቅስ ለምን እንደሆነ በቃሉ እንዲያስረዳ ይደረጋል ወይ?

የስልክ ጨዋታዎች

የተማሩትን ለማደስና ፍጥነት ለመጨመር ይረዳሉ። አዲስ ሐሳብ ለማስተማር ግን አልመርጣቸውም፤ አብዛኞቹ መልሱ ትክክል ወይም ስህተት መሆኑን እንጂ ልጁ የተሳሳተበትን ምክንያት አያዩምና። በቀን አስር ደቂቃ ይበቃል።

ንጽጽር በሠንጠረዥ

| ዘዴ | አስርን ማሳየት | ለመቀነስ | ስህተትን ለልጁ ማሳየት | ወጪና ዝግጅት | የሚስማማበት ጊዜ |
|---|---|---|---|---|---|
| አንድ በአንድ መቁጠር | አያሳይም | ከ20 በላይ ደካማ | አነስተኛ | ወጪ የለውም | እስከ 20 |
| እስር | እጅግ ጥሩ | እጅግ ጥሩ | እጅግ ጥሩ | በጣም ትንሽ፤ ማሰሩ ጊዜ ይወስዳል | መነሻ፣ ከ20 እስከ 300 ገደማ |
| የጨዋታ ብር | ጥሩ | እጅግ ጥሩ | ጥሩ | ወረቀትና መቀስ | ከእስር በኋላ |
| የአስርዮሽ ብሎክ | እጅግ ጥሩ | ጥሩ | ጥሩ | ግዢ ይጠይቃል | ከእስር በኋላ፣ እስከ 1,000 |
| ባዶ የቁጥር መስመር | መካከለኛ | እጅግ ጥሩ | ጥሩ | ወጪ የለውም | አስር አስር መዝለል ሲለመድ |
| በትኖ በቃል | ጥሩ | ጥንቃቄ ይሻል | መካከለኛ | ወጪ የለውም | ለባለ ሁለት አሃዝ |
| ወደ ታች ደርድሮ | ብቻውን አያሳይም | ጥሩ፣ ትርጉሙ ከታወቀ | አነስተኛ | ደብተርና እርሳስ | በመጨረሻ፣ ለማንኛውም ቁጥር |
| ሶሮባን | መካከለኛ | ጥሩ | አነስተኛ | ከፍተኛ፤ ወራት ይወስዳል | ጊዜና አቅም ላለው |
| የስልክ ጨዋታ | አነስተኛ | ለልምምድ ብቻ | አነስተኛ | ስልክ | ለክለሳ |

ለማን የትኛው?

ገንዘብ ማውጣት ለማይችል ወይም ለማይፈልግ ቤተሰብ እስር፣ የወረቀት ብርና ባዶ መስመር በዚህ ቅደም ተከተል ይበቃሉ፤ ምንም የጎደለ ነገር የለም። ሁለት ፓኬት ስትሮውና ጥቂት ላስቲክ ለአንድ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ያገለግላሉ። አቅም ያለው ቤተሰብ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት በእነዚህ ይጀምር፤ ከዚያ ብሎኮችን ቢገዛ ወደ 1,000 ለማደግ ይጠቀምባቸዋል።

ብዙ ተማሪ ላለበት ክፍል ለእያንዳንዱ ልጅ እንጨት ማደል አይቻልም። አራት አራት ልጆችን በአንድ ቡድን አድርጎ፣ እያንዳንዱ ልጅ ከሃያ እስከ ሃምሳ እንጨት ከቤቱ እንዲያመጣ ማድረግ ይቻላል፤ እስሮቹን ልጆቹ ራሳቸው ቢያስሩ ዝግጅቱ የትምህርቱ አካል ይሆናል። በየቡድኑ አንዱ ባለ ሱቅ፣ አንዱ ገዢ፣ አንዱ ቆጣሪ፣ አንዱ ደብተር ላይ ጸሐፊ ሆኖ ይፈራረቅ። ጸሐፊው የሚሠራው ወደ ታች የተደረደረውን ስሌት ነው፤ በዚህ ሁኔታ እጅና እርሳስ አብረው ይሄዳሉ።

በትምህርት ቤት ወደ ታች መደመር ከተጀመረ በኋላ ወደ ኋላ የቀረ ልጅ ካለ፣ ሌላ የልምምድ ወረቀት አይጨመርበት። ለአንድ ሳምንት ደብተሩ ይዘጋና የተሳሳተባቸው ስሌቶች ራሳቸው በእስር ይሠሩ። ያፍራል ተብሎ የሚፈራ ከሆነ በብር ይጀመር፤ በብር መጫወትን የሕፃን ነገር ነው የሚል ልጅ አላጋጠመኝም። ፈጣን ለሆነና ለሰለቸ ልጅ ደግሞ አንዱን ስሌት በሦስት መንገድ ሠርቶ የትኛው እንደሚቀል እንዲመርጥ ማድረግ፣ ሃያ ተመሳሳይ ስሌት ከመስጠት ይበልጣል። 199 + 56 ላይ አንዱን ከ56 ወደ 199 አሻግሮ 200 + 55 ብሎ የሚያይ ልጅ ደስታው ፊቱ ላይ ይነበባል።

በውጭ አገር ልጆች የሚያሳድጉ ወላጆች ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። አንደኛው የልጁ ትምህርት ቤት የሚጠቀምበት አሠራር እርስዎ ከተማሩት ሊለይ ስለሚችል፣ በተለይ መቀነስን ከማስረዳትዎ በፊት «አስተማሪሽ እንዴት ነው ያሳየችሽ?» ብለው ይጠይቁ። ሁለተኛው ስለ ቋንቋ ነው። በጀርመንኛና በዓረብኛ 47 የሚጠራው ሰባቱ ቀድሞ ስለሆነ ልጆች 74 ብለው መጻፋቸው የተለመደ ነው፤ በዕብራይስጥም ከ11 እስከ 19 ያሉት ነጠላውን ያስቀድማሉ፤ በእንግሊዝኛ ደግሞ የ11 እና የ12 ስም ውስጥ አስሩ አይሰማም። በአማርኛ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፣ አርባ ሰባት ሲባል አስሩ ሁልጊዜ ይቀድማል፣ ሁልጊዜም ይሰማል። ስለዚህ ልጁ በትምህርት ቤቱ ቋንቋ ሲደናገር ስሌቱን ቤት ውስጥ በአማርኛ ጮክ ብሎ እንዲናገረው ማድረግ እውነተኛ እርዳታ ነው።

አንዱን ዘዴ ከጀመሩ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ይቆዩበት፤ በቀን ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ወደሚቀጥለው ለመሻገር ጊዜው መድረሱን ለማወቅ ለልጁ 304 − 178 ን ይስጡትና ሲሠራ ዝም ብለው ያዳምጡት። «መቶውን ዘረዘርኩት፣ አሁን ዘጠኝ አስር አለኝ» የሚል ከሆነ እንጨቱን ሰብስበው ያስቀምጡ፤ ዘጠኙ ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ «እንደዚህ ነው የሚደረገው» ካለ ግን ላስቲኮቹን መልሰው ያውጡ።